ከቀይ ቀለም ሥር ያደረ ቃለ ጉባኤ

ሐምሌ 9 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ አሰብ

ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በታሪክ ፊት ኃላፊነት ተጣለብኝ። ታሪክ በወቅቱ ላቡን በመሀረብ እየጠረገ ነበር። ስሙ ጓድ ተክለጻድቅ ይባላል፤ የመሥሪያ ቤታችን ካድሬና የአብዮት በዓል አከባበር ኮሚቴ ሊቀ መንበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሬዲዮ ጥገናው ክንፈ፣ ኮንትራቱን ጨርሶ የሄደ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ የተወለትን ዕቃ አልጋው ሥር ደብቆ ኖሯል፦ ትንሽ አውሮፕላን ከሩቅ የሚያበሩበት አንቴና ያለው መቆጣጠሪያ ሣጥንና ሲኒ የምታህል ሞተር። በዚህ ዘመን አልጋው ሥር አንቴና ያለ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ ሌላ ሰው ሳይጠቁምበት ራሱ በራሱ ላይ ጠቆመ። ያስሩኛል ብሎ ፎጣና የጥርስ ሳሙና ይዞ ነበር የሄደው። ጓድ ተክለጻድቅ ግን ብድግ ብለው አቀፉት።

"መስከረም ሁለት አውሮፕላን እናበራለን! ወዝ አደሩ በገዛ እጁ የሠራው!"

ክንፈ ፎጣውን ይዞ ተመለሰ። ፓምፕ ታሽጎበት ከመጣ ሣጥን ነጩን ፎም አወጣ፣ በጋለ ሽቦ ቆረጠ፣ ከክንፍ እስከ ክንፍ እኔን የምታህል ነገር ሠራ። የእኔ ድርሻ ቀይ መቀባትና ውኃ እንዳታስገባ ማድረግ ነው፤ መድረኩ ባሕሩ ዳር ስለሆነ የምትበረው ባሕሩ ላይ ነው።

"ጓድ ሣህሉ፣ አንተ ታንከርና ጀልባ የምትቀባ ሰው ነህ። ይቺ ምን አላት?" አሉኝ።

"ምንም የላትም" አልኩ።

ይህቺን መልስ አስምሬባታለሁ። ኋላ ላነባት።

ሐምሌ 12

በላው!

ሐምሌ 12፣ ከሰዓት በኋላ (ተረጋግቻለሁ)

ያለንን ምርጥ ቀለም አወጣሁ፤ የታንከሩን ቀይ፣ ጨውም ፀሐይም የማይደፍረውን። በቲነር አቀጠንኩት። ክንፈ እንደ ሙሽራ እናት ፈገግ ብሎ ቆሟል። ብሩሹን አንድ ጊዜ ሳሳርፍ ክንፉ ትስስስ አለ። ሁለተኛ ሳሳርፍ ጎደጎደ። በሦስተኛው በቀዳዳው ውስጥ የክንፈን ጫማ አየሁት።

"ጋሽ ሣህሉ፣ ቀባው ተባልክ እንጂ ብላው ተባልክ?"

በሃያ ዓመት ሥራዬ ብረት ቀብቻለሁ፣ እንጨት ቀብቻለሁ፣ አንድ ጊዜም የተኛ ዘበኛ ቀብቻለሁ። ቲነር ፎም እንደሚያቀልጥ ግን አላውቅም ነበር። በቁራጭ ብሞክረው ምን ነበረበት? በሥሬ ያሉትን ቀቢዎች ጠዋት ማታ "መጀመሪያ በቁራጭ!" እያልኩ የማደነቁር እኔ!

ጓድ ተክለጻድቅ ሳምንታዊ ሪፖርት ይፈልጋሉ። እንዲህ ጻፍኩ፦ "የግራ ክንፍ ክብደት በከፍተኛ ደረጃ እንዲቀንስ ተደርጓል።" ኅዳጉ ላይ "በርቱ" ብለው መለሱልኝ።

ሐምሌ 15

ክንፈ አዲስ የግራ ክንፍ ቆረጠ። ፎሙ በዚሁ አለቀ። በመላው አሰብ ሌላ ፎም የለም፤ ጠይቄያለሁ።

ዘዴው ግን ተገኘ። ነጩ የአናጢ ኮላ በውኃ ይቀጥናል። በእሱ ስስ ወረቀት ፎሙ ላይ ይለጠፋል፣ እንደ ቆዳ። በላዩ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም፤ እሱም በውኃ ስለሚቀጥን ፎሙን አይነካም። ፎሙ አንድም ቀዳዳ ሳይቀረው ከተሸፈነ በኋላ ቀዩ፣ ከቀዩ በኋላ ቬርኒስ። በቁራጭ ሞከርኩት። (ሞከርኩት!) አልቀለጠም።

የጎደለው ስስና ጠንካራ ወረቀት ነው። እሱ ያለው ጽሕፈት ክፍል፣ ላቀች ዘንድ ነው። የጓድ ተክለጻድቅ ታይፒስት ናት።

ሐምሌ 16

ወረቀት ተገኘ። አዲሱ በፊርማ ነው ብላ፣ ሣጥን ውስጥ ከተከመረው አሮጌ የካርቦን ቅጂ አንድ እቅፍ አነሣችልኝ።

"የድሮ የስብሰባ ጥሪ ነው፤ ይውሰዱት አቶ ሣህሉ። ሰው እሳት ያደርገዋል ከምል እርስዎ አየር ላይ ያውሉት።"

ስትስቅ የፊት ጥርሶቿ መካከል ፍንጭት አለ። ይህ ከአውሮፕላኑ ጋር ግንኙነት የለውም። ለመረጃ ያህል ነው።

ሐምሌ 21

ልጠፋ። ወረቀት አነሰኝ፤ ጽሕፈት ክፍል ሄድኩ።

ሐምሌ 22

ልጠፋ። ወረቀት አነሰኝ።

ሐምሌ 23

ወረቀት አነሰኝ። ክንፈ "ይቺ አውሮፕላን ስንት ቆዳ ነው የምትለብሰው? አዞ ናት እንዴ?" አለ። ከሙያው ውጭ የሆነ ሰው አስተያየት ሲሰጥ ደስ አይልም።

ሐምሌ 28

ጉድ። ጉድ። ጉድ።

በዚህ ወበቅ ኮላው አልደርቅ ብሎ ማራገቢያ ደግኜበት ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ዓይኔ ሥራ ሲፈታ የግራውን ክንፍ ማንበብ ጀመረ። የስብሰባ ጥሪ አይደለም። እንዲህ ይላል፦ "ጥብቅ ምስጢር። የሂስና ግለ ሂስ ዝግ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ።" ዝቅ ብሎ፦ "ጓድ ተክለጻድቅ ባቀረቡት ግለ ሂስ፣ ለሦስት ዓመት የውይይት ክበብ የመሩበትን ወፍራም መጽሐፍ መቅድሙን ብቻ ማንበባቸውን አምነዋል። በስብሰባ ላይ ጥቁር መነጽር የሚያደርጉትም ለዓይናቸው ሳይሆን ለእንቅልፍ መሆኑን ገልጸዋል።" ወደ ጅራቱ ሲዞር ባሕር እንደሚፈሩ ይናገራል።

ክንፈን ጠራሁት። አነበበ። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን እስኪያስለን ሳቅን። እንባችንን ጠርገን ወደ ቀኙ ክንፍ ስንሻገር የመጨረሻውን መስመር አገኘነው፦ "ይህ ቅጂ ከአንድ ወር በኋላ በታይፒስቷ ኃላፊነት ይቃጠላል።"

ሳቁ እዚያ ላይ አለቀ።

ሐምሌ 29

ነገርኳት። መጀመሪያ መነጽሩ ጋ ስደርስ ግንባሯን ታይፕራይተሩ ላይ ደፍታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ማሽኑም አብሮ ተንቀጫቀጨ። ቀና ስትል ግን ፊቷ ሌላ ነበር።

"ሁለቱን ክምር አምታትቼ ነው። የስብሰባ ጥሪውን አቃጥዬ ይሄንን ለእርስዎ ሰጠሁ። ቃለ ጉባኤው መቃጠሉን ደግሞ ፈርሜያለሁ፣ አቶ ሣህሉ። መዝገብ ላይ፣ በቀንና በሰዓት።"

ልላጠው አልኳት። የክንፉን ጫፍ ሞክሬዋለሁ፤ ወረቀቱ ፎሙን እየቦጨቀ ነው የሚነሣው። ሌላ ፎም የለም፤ አውሮፕላኗ ከሌለች ደግሞ "የት ገባች?" ይመጣል።

ዓምና ከመዝገብ ቤት አንድ ሰው በጠፋ ፋይል ምክንያት ተጠርቶ ሄደ። ወንበሩ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ሁለታችንም ስለ ወንበሩ አላነሣንም።

"እንግዲያው ደህና አድርገው ይቀቡት" አለችኝ፤ ድምጿ እንደ ወረቀቱ ስስ ሆኖ።

ነሐሴ 3

አንድ እጅ ነጭ ቀባሁ። ሲደርቅ "መቅድሙን ብቻ" የሚለው በሰማያዊ ብቅ አለ።

ነሐሴ 4

ሁለተኛ እጅ። "መቅድሙን ብቻ" አሁንም አለ፤ ፈዘዝ ብሏል እንጂ በጤናው ነው። እኚህ ሰው ከነመነጽራቸው ሊያሳድዱኝ ነው።

ነሐሴ 6

ሦስተኛ እጅ። ጠፋ! ዘለልኩ። ክንፈ ግን አውሮፕላኗን ተሸክሞ ሥጋ ቤት ወሰዳትና ሚዛን ላይ አስቀመጣት። ባለ ሥጋ ቤቱ "ከአጥንቱ ነው?" ብሎ ጠየቀው አሉ። ተናድዶ ተመለሰ።

"ጋሽ ሣህሉ፣ በዚህ አያያዝ የምትበር አይደለችም፤ የምትጎተት ናት። ወይ ትሸፍናለህ፣ ወይ ትበራለች። ምረጥ።"

"ተሸፍና ትበራለች።"

"ለማን ብለህ ነው እንዲህ የምትሟሟተው?"

"ለአብዮቱ" አልኩት። ክንፈ እንደዚያ ረጅም ጊዜ ሲያየኝ አላውቅም።

ነሐሴ 11

አንደኛውን እጅ ቀይ ቀብቼ ለማድረቅ ደጅ አወጣኋት። ኸምሲን ተነሣ፤ ያ የአሸዋ ነፋስ፣ ምድጃ አፍ አውጥቶ የተነፈሰ የሚመስለው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ቀይዋ አውሮፕላን የዳቦ ቅርፊት መሰለች።

በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ጀመርኩ። ቀስ ብዬ። ቀስ ብዬ። ከዚያ ትንሽ ፈጠን። ከቀዩና ከነጩ ሥር በሰማያዊ "ለእንቅልፍ" የሚል ቃል ወጣ። ልክ በዚህች ደቂቃ ከበሩ፣ ጓድ ተክለጻድቅ፣ ለአውሮፕላኗ ባወጡላት ስም፦

"ጓድ ሣህሉ! ቀይ ንስራችን እንዴት ናት?"

ሸሚዜን አውልቄ ክንፉ ላይ ጣልኩት። ወገቤ ላይ ሽርጤ ብቻ ቀረ። ከላይ ራቁቴን፣ አሸዋና ላብ ተለውሼ ቆምኩ።

"ፀሐይ እንዳይመታት ነው፣ ጓድ።"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በጥቁሩ መነጽር ሥር እንኳ ታየኝ። "እንዲህ ያለ ሰው ነው የጎደለን!" አሉና፣ የበዓሉ ቀን በገዛ እጃቸው ወርውረው እንደሚያስነሷት አበሠሩኝ። ይዘዋት ፎቶግራፍ ሊነሡም ነው። የገዛ ኑዛዜያቸውን፣ ከፍ አድርገው።

አንድ ቃል ለመሸፈን ሌላ ሁለት እጅ ቀለም ወሰደ። ለክንፈ አልነገርኩትም።

ነሐሴ 18

የክንፍና የሆድ መገጣጠሚያው አላስተኛኝም። ቬርኒስ ሲደርቅ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል፤ በርሜል ውስጥ በደፈቅኩት ቁራጭ አይቼዋለሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውኃ ገባ፣ ወረቀቱ ተነሣ፣ ፊደሉ እንደ ዓሣ ተገላብጦ ተንሳፈፈ።

ሑመድን ጠየቅኩት። የበይሉል ሰው ነው፤ ዓሣ አጥማጅ፤ ጀልባው ከእኔ ዕድሜ ትበልጣለች፣ ጠብታ አታስገባም። ከሰላምታው በኋላ ችግሬን ስነግረው ሳቀብኝ፤ እንደ ዐረቦቹ ነው የሚጠራኝ።

"ያ ሣህሉ! አንተ ባሕሩን በቀለም ልታታልል ነው? ቀለም ለዓይን ነው። ባሕር የሚያከብረው ዘይት ነው።"

የሻርክ ዓሣ ጉበት በፀሐይ ቀልጦ የሚወጣ ዘይት በጣሳ ሰጠኝ። መገጣጠሚያውን ብቻ፣ በስሱ፣ ሦስት ቀን በተከታታይ። ሽታውን አልገልጸውም። ደብተሩ ይታዘበኛል።

ነሐሴ 22

ሻርክ የተቀባው ቁራጭ በርሜል ውስጥ አደረ። ደረቅ! ደረቅ! ሰው ባይኖር ኖሮ እጨፍር ነበር። ሰው አልነበረም። ጨፈርኩ።

ነሐሴ 25

ላቀች "ፊርማዬን ልጎብኝ" ብላ ወርክሾፕ መጣች። አፍንጫዋን በሻሽዋ ጫፍ ይዛ ክንፉን ደገፈችልኝ፤ እኔ መገጣጠሚያውን ዘይት አስጠጣሁ።

"ጋሽ ሣህሉ፣ ድመቶቹ ምንድን ናቸው?" አለች።

ዞር ስል የወደቡ ድመቶች በር ላይ በሰልፍ ተቀምጠዋል። ስድስት። ካድሬ እንዲህ ያለ ዲሲፕሊን አልሞ አያገኝም።

ስትሄድ የአውራ ጣቷ አሻራ ቬርኒሱ ላይ ቀርቷል። በሙያው ሕግ መጥረግ ነበረብኝ። አልጠረግኩትም። ክብደት አይጨምርም።

አቶ መባሌ ቀርቶ ጋሽ ሆኛለሁ። ይህም ለመረጃ ነው።

ጳጉሜ 2

ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣሉ። ከሰልፉ በኋላ የምስጢር መዝገቦችን ያያሉ። ጓድ ተክለጻድቅ እኔ ባለሁበት ላቀችን "የሚቃጠለው ሁሉ ተቃጥሏል?" አሏት። "መዝገቡ ላይ አለ፣ ጓድ" አለች። ጣቷ ግን የማሽኑን አንድ ቁልፍ ብቻ ደጋግሞ ይመታ ነበር።

ጳጉሜ 5፣ ማታ

አልጋዬ ደጅ ነው፤ እንደ ከተማው ሁሉ። ነፋስ የለም። ሽርጤን በውኃ ነክሬ ለብሻለሁ። ደርቆ ደግሞ ነክሬያለሁ።

ልቁጠረው። ከመሬት ብትወድቅ ትሰበራለች፤ ከተሰበረች ወረቀቱ ይወጣል። ከባሕር ብትወድቅ ሁሉም በእኔ ብሩሽ ላይ ነው። ሻርኩ ይይዛል። በርሜሉ ውስጥ ይዟል። በርሜል ግን ባሕር አይደለም፤ በርሜል አይገፋም፣ አይወዘውዝም፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳም አያየውም። ደግሞ ያቺ የክንፍ ጫፍ፣ ልልጣት የሞከርኳት! በደንብ መለስኳት? መልሻለሁ። መልሻለሁ?

በቁራጭ ሞክሬ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ክንፍ አይቀልጥም ነበር። እሱ ባይቀልጥ ወረቀት አልፈልግም ነበር። ወረቀት ባልፈልግ ጽሕፈት ክፍል አልሄድም ነበር። ጽሕፈት ክፍል ባልሄድ... እዚህ ላይ ጸጸቴ ይደነቃቀፋል።

ለማንኛውም ግለ ሂስ ጽፌያለሁ። ሣጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ማንም ሳያይ የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ አንብቤ የሳቅሁትም እኔ ነኝ ይላል። በቀለም ብዕር፣ አንድ ገጽ። ነገ ሳይሆን ተነገ ወዲያ ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ይውላል። ፎጣና የጥርስ ሳሙናም ለይቻለሁ፤ ከክንፈ ተምሬ።

መስከረም 2 ቀን 1979

ዛሬ አልጽፍም። ነገ።

መስከረም 3

እሺ።

ሰልፉ አለፈ፣ ንግግሩ አለፈ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዳ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጓድ ተክለጻድቅ ቀይ ንስርን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ከመድረኩ ወደ ባሕሩ ዳር መራመድ ጀመሩ፤ ማርሽ ባንዱ ይመታል፤ ከኋላቸው ድመት ተከተላቸው። ከዚያ ሁለተኛ። ውኃው አጠገብ ሲደርሱ አሥራ አንድ ድመት በታላቅ ክብር አጅቧቸው ነበር። ሕዝቡ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። አብዮት ጠባቂዎቹም ነከሱ።

ክንፈ ሞተሩን አስነሣ። ወረወሩ። ወደቀች ስንል፣ ውኃውን ሳመች ስንል፣ ቀና አለች! በረረች! ያን ሁሉ እጅ ቀለም፣ ያን ሁሉ ኑዛዜ ተሸክማ በረረች! አንድ ዙር። እልልታ። ሁለተኛ ዙር፤ ከእንግዳው ጃንጥላ በላይ። ላቀች ከታይፒስቶቹ መካከል ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ባሕሩ መካከል፣ ሞተሩ ትክ፣ ትክ አለና ዝም።

ወረደች። ጧ። ውኃ ላይ።

"ክንፈ፣ ምን ሆነች?"

"ነዳጅ አለቀ።" ከንፈሩ ነጥቷል። "ቀለምህ ሲከብድብኝ ነዳጁን ቀንሼ ነው። ምን ላድርግ?"

የነዳጅ ማጣሪያ ያለባት ከተማ፣ መርከብ ሙሉ ነዳጅ የሚቀዳባት ወደብ፤ አውሮፕላናችን ነዳጅ አልቆባት ወደቀች።

 ማዕበሉ ገለበጣት፣ ሆዷን አየን፤ መለሳት፣ ጀርባዋን አየን። እጄ ኪሴ ላይ ነው። ሑመድ በጀልባው ወጣ፤ አልቸኮለም፤ ሑመድ በሕይወቱ ቸኩሎ አያውቅም። ሩብ ሰዓት። ሃያ ደቂቃ። እኔ በዚያች ሃያ ደቂቃ እያንዳንዱን ፊደል በዓይኔ ባሕር ላይ በትኜ ለቅሜያለሁ።

አመጣት። ጓድ ተክለጻድቅ እግራቸውን ውኃ እንዳይነካው በሩቁ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ። ተጠግቼ አየሁ። መገጣጠሚያው፣ ደረቅ። የክንፉ ጫፍ፣ ደረቅ። ከዳር እስከ ዳር ቀይ፣ እንደ በርበሬ። አንድ ፊደል የለም። አንዲት!

እንግዳው ከጃንጥላቸው ሥር "ምንድን ነው ይሄ?" አሉ።

ጓድ ተክለጻድቅ ማይክሮፎኑን ያዙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ጓዶች! የባሕር አውሮፕላን ነው! ባሕር ላይ ያረፈችው በዕቅዱ መሠረት ነው!"

ጭብጨባው እስከ ራሔይታ ሳይሰማ አይቀርም። እንግዳው ራሳቸው ተነሥተው አጨበጨቡ፤ በደስታው ብዛት ምሳው ረዘመ፣ ምሳው ሲረዝም የመመለሻ አውሮፕላናቸው ሰዓት ደረሰ። መዝገቡን ከፍተው፣ ላቀች የፈረመችበትን ገጽ አይተው፣ "ንጹሕ ሥራ" ብለው ዘጉት።

መስከረም 4

ቀይ ንስር ዛሬ ተሰቀለች። ጓድ ተክለጻድቅ ቢሮ፣ ልክ ከወንበራቸው በላይ፣ በሁለት ሽቦ። መሰላሉ ላይ ሆኜ ያሰርኳት እኔ ነኝ። "ከአናቴ ላይ እንድትሆን እፈልጋለሁ፤ ሁልጊዜ እንድታስታውሰኝ" አሉ። እኔም አሁን ያለችበት ቦታ ከሁሉ የተሻለ ነው አልኩ። ከልቤ ነው። ድመቶቹ በመስኮቱ በኩል እየተሰለፉ ነው።

ከመሰላሉ ስወርድ ላቀች በሩ ላይ ቆማለች። የመዝገቡ ቁልፍ በእጇ ነው።

"ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ከትናንት ወዲያ ቀኑን ሙሉ ይዘኸው ዋልክ።"

ጋሽም ቀርቷል። አስተዋልኩ። ሰጠኋት፤ ምን ብዬ እከለክላለሁ? ወረቀቱ በላብ ርሶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ርሶ ነበር። ያን ሁሉ ጥበብ አውሮፕላኗ ላይ ሳፈስ ለገዛ ኪሴ አንድ እጅ ቬርኒስ አላሰብኩም። ቀለሙ ፈስሶ ሰማያዊ ደመና ሆኗል። እሷ ግን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ፈለገች፤ ከታች የቀረች አንድ መስመር አገኘች፣ ጮክ ብላም አነበበችው፦

"'ላቀች ምንም አታውቅም።'"



"አውቃለሁ" አለች። "ከሐምሌ ሃያ ሦስት ጀምሮ። አውሮፕላን ያን ያህል ወረቀት አይበላም፣ ሣህሉ።"

"ስጪኝ፤ ይቃጠል" አልኳት፤ እጄን ዘርግቼ።

"አይሆንም። የማይቃጠል ወረቀት የት እንደሚቀመጥ እኔ አውቃለሁ።" አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ፍንጭቱን አየሁት።

ጓድ ተክለጻድቅ የአውሮፕላኗ ቀለም በየሳምንቱ እንዲፈተሽ አዘዋል። ነገ ሰኞ ነው፤ ብሩሼን ይዤ በጽሕፈት ክፍል በኩል እሄዳለሁ። ቀለሙ ምንም አልሆነም።